ከበሩ በላይ ያለው ስም

ሰው ሲያረጅ የሚያፍርበት ነገር እያነሰ ይሄዳል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከደሴታችን ዋና ከተማ ከብሪጅታውን ወደ ሰሜን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ በገዛ ተማሪዬ ፊት አፈርኩ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ከእኔ ሐፍረት የበለጠ ትምህርት አለበት።

ከጎኔ የተቀመጠችው ቬሮና ዮርዉድ ነበረች። ክፍሌ ውስጥ ሳለች በጥያቄ እረፍት የምትነሳኝ ልጅ ነበረች፤ አሁን ለጥያቄዋ ደመወዝ ይከፈላታል። የጤና ጥበቃ መርማሪ ሆናለች፤ መጠጥ ቤቶች ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ ቤቱን አይታ ለፍርድ ቤቱ የምትጽፈው እሷ ናት። ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቀችኝ፣ ስለ እናቷ ጠየቅኋት። ከዚያ ጭኗ ላይ ካለው ፋይል አንድ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«ቲቸር፣ ይህን ማን እንደሞላው ያውቃሉ?»

ወረቀቱ የመጠጥ መሸጫ ፈቃድ ማሳደሻ ነው። አመልካች፦ ዳርንሊ ጊተንስ፣ ግሬይ ሎጅ መንደር።

«ሚስተር ጊተንስ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው» አለች። «ቀብራቸው ላይ ዘምሬያለሁ። እጅ ጽሑፉ ግን አልጠፋኝም። መጻፍ ያስተማረኝ እጅ ነው።»

እውነቱን ነገርኳት። የመንደራችን ባለ ሱቅ ዳርንሊ በሞተ በሁለተኛው ወር ሚስቱ ኢዝሜ ቅጹን ይዛ ቤቴ መጣች፤ «ዳርንሊ ሙላልኝ ብሎሃል» አለችኝ። ብሎሃል ነው ያለችው። ያን ጊዜ «ዳርንሊ እኮ ሞቷል» ለማለት አንጀቴ አልቻለም። ሞላሁት፣ ፈረምኩለትም። ከዚያም በየዓመቱ ሞላሁ፣ ዘንድሮም። እኛ አገር የባለቤቱ ስም ከሱቁ በር በላይ ተጽፎ እስካለ ድረስ ፈቃዱም አብሮት የሚኖር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ታፔላው ካለ ሰውየው አለ። አርባ ዓመት ያስተማርኩት እኔም ይህን ስህተት ደግነት ብዬ ጠራሁት።

ቬሮና አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፈቃድ ከሰውየው ጋር እንደሚሞት፣ ጉዳዩ በመጪው ሐሙስ ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ፣ ቤቱ እንደ ሕጉ ካልሆነ ደግሞ እንደሚዘጋ በእርጋታ ነገረችኝ። ኢዝሜ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ስለዚህ ከአውቶቡሱ ስንወርድ ወደ ቤቴ መታጠፉን ትቼ ቬሮናን ወደ ሱቁ ተከተልኳት።

ሱቁ የእንጨት ቤት ነው፤ በቀኝ በኩል ሩዝና ሳሙና፣ በግራ በኩል ሩም፣ የሸንኮራ አረቄያችን። ከበሩ በላይ በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ ቀለም «ዳርንሊ ጊተንስ፤ መጠጥ ለመሸጥ የተፈቀደለት» ይላል። ስንደርስ ቢራ አከፋፋዩ ሳጥን እያወረደ ነበር።

«ሚስተር ጊተንስ አሉ?» አላት ኢዝሜን።

«ወጣ ብሏል። ለኔ ስጠኝና ሂድ» አለችው፤ በሊጥ የተለወሰ ዓሣዋን እያገላበጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ወጣ እንዳለ ነው።

ቬሮናን ስታይ ፊቷ ፈካ። ትኩስ ዓሣ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ቬሮና ግን ሥራ ላይ ነኝ ብላ አመስግና መለሰችው። ኢዝሜ ወዲያው ገባት፤ ፊቷን እንደ መስኮት ዘጋችው።

ምርመራው ተጀመረ። የቧንቧው ውሃ ደህና ነው፣ ብርጭቆዎቹ ንጹሕ ናቸው። የፈቃዱ ወረቀት ሰው በሚያየው ቦታ መሰቀል ሲገባው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተገኘ፤ ኢዝሜ ያለ ብዙ ክርክር ግድግዳው ላይ ልትሰቅለው ተስማማች። ቀጥሎ የመጸዳጃው ነገር መጣ። ጓሮ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሕጉ ለሴቶች ለብቻ ይፈልጋል።

«ሴት እዚህ ገብታ ጠጥታ አታውቅም» አለች ኢዝሜ።

«መጸዳጃ ስለሌለ ይሆናላ፣ እትዬ ኢዝሜ።»

ጥግ ካለው ጠረጴዛ ዙሪያ ዶሚኖ ሲጫወቱ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ኢዝሜም ከንፈሯን ነክሳ፣ ከጓሮ ያለችውን ዕቃ ቤት ልታስለቅቅ ቃል ገባች። እኔም ነገሩ በዚህ ካለቀ ጥሩ ነው ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

አላለቀም። ከዶሚኖው ጠረጴዛ ጀርባ የጎን በር አለ፤ በስምንት ምስማር ተመትቷል። ቬሮና ለምን እንደሆነ ጠየቀች። የዳርንሊ ሬሳ የወጣው በዚያ በር ነው። የኢዝሜ እናት «ሬሳ የወጣበት በር ይዘጋል፣ አለዚያ ሌላ ሰው ይጠራል» ትል ነበር፤ ኢዝሜም ከቀብር በተመለሰችበት ቀን መዶሻ አነሳች።

«የመጠጥ ቤት ሁለት መውጫ ሊኖረው ይገባል» አለች ቬሮና። «በሮቹም ወደ ውጭ የሚከፈቱ።»

«አርባ ዓመት ሰው በፊት ለፊቱ ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። እነዚህ ሰክረው እንኳ በሩን ስተውት አያውቁም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አትምጪብኝ።»

ክርክር በክርክር እንደማይረታ ቬሮና ከእኔ የተማረችው አይደለም፤ እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ እኔም ተስማማሁ። ዶሚኖ የሚጫወቱትን አራቱንና ቆመው የሚያዩትን ሦስቱን እንዲህ አልኳቸው፦ መጀመሪያ መንገዱን የረገጠ ሰው ሩም በእኔ ነው።

ከማለቴ ወንበር ወደቀ። ቀጭኑ ሮላንድ ቀድሞ በሩ ጋ ደረሰ፤ በሩ ግን ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። እጀታውን ስቦ ሳይጨርስ ቪር ከነሙሉ ክብደቱ ከኋላው መጣ። ቪር የሸንኮራ ፋብሪካ ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ ክብደቱን የሚያውቅ ሚዛን መንደራችን ውስጥ የለም። ከቪር ኋላ አምስቱ ተደረደሩ። በሩ ተዘጋ፣ ሮላንድም በሩ ላይ ተለጠፈ። «ተመለሱ፣ ተመለሱ» ይላል፤ ማን ይስማው። ሲስቁና ሲገፋፉ ቆዩ። ቬሮና ሰዓቷን እያየች ነበር። በመጨረሻ አንድ ሰው ሲወጣ ሳቁ ቆሞ ነበር፣ ሮላንድም ደረቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«ይህ ለአንድ ብርጭቆ ሩም ነው» አለች ቬሮና። «ያ መጥበሻ ቢገለበጥ ከጎኑ ስንት ጠርሙስ አለ?»

ኢዝሜ መጥበሻውን አየች፣ መደርደሪያውን አየች፣ የሮላንድን ደረት አየች። ከባንኮኒው ሥር መዶሻ አውጥታ ለቪር ሰጠችው። «ምስማሮቹን አታጣምማቸው፣ ይጠቅሙኛል» ብቻ አለች። በሩ ሲከፈት ከባሕሩ በኩል ነፋስ ገባና የዶሚኖው ሰዎች የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈቱ።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው። ቬሮና ወደ ደጅ ወጥታ ቀና አለች፤ ኢዝሜም ተከትላት ወጣች።

«እትዬ ኢዝሜ፣ እዚያ የሚጻፈው ፈቃዱ የተሰጠው ሰው ስም ነው።»

«ተጽፏል። ማንበብ ተውሽ እንዴ?»

«አነባለሁ። እሳቸው ግን የሉም።»

ኢዝሜ በሽርጧ እጇን ቀስ ብላ ጠረገች።

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ። ይህን ሲሰቅል መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። መቃብሩ ላይ ያቆምነው የእንጨት መስቀል በመጀመሪያው ዝናብ በሰበሰ። ዳርንሊ ስሙ ተጽፎ ያለው እዚህ ብቻ ነው። አውርጂው ስትይኝ አንዴ የቀበርሽውን ድገሚ ማለትሽ ነው።»

እኔ ብሆን እዚህ ላይ ተሸንፌ እመለስ ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም። ቬሮና ግን ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ኢዝሜም እንድትቀመጥ ጠብቃ ነው የተናገረችው።

«ሕጉ ስሙን ለጌጥ አልፈለገውም። አንድ ሰው እዚህ የጠጣው ቢያሳምመው፣ ወይ ከዚህ ወጥቶ መንገዱ ላይ መኪና ቢገጨው፣ ዘመዶቹ መጥተው ቀና ብለው ያነባሉ። ‹ማን ነው የሚመልስልኝ?› ብለው ነው የሚያነቡት። ፍርድ ቤቱም የሚጠራው ያንኑ ስም ነው።»

«ዳርንሊ የተበላሸ ነገር ሸጦ አያውቅም።»

«አውቃለሁ፤ ስለማውቅ ነው የምከራከርዎ። ነገ የሚሸጡት እርስዎ ነዎት፣ የሚጠራው እሳቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ ‹እኔ አይደለሁም› ሊሉ አይችሉም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባል የለ? እርስዎ ግን ሚስተር ጊተንስን፣ ወቃሽ የመጣ ቀን መጀመሪያ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ አቁመዋቸዋል።»

ኢዝሜ ብድግ አለች። ትምህርት የሰጠሽ አፍ ብቻ ነው አለቻት፤ ለእኔም «አንተም ከሷ ጋር ነህ» ብላ ያንን ቃል የገባሁትን ሩም እንኳ ሳትቀዳ ገባች። ለዚያ ቀን እዚያው ላይ ቆመ።

ሐሙስ ጧት ግን ኢዝሜን ጥቁር ባርኔጣዋን አድርጋ ደጃፌ ላይ ቆማ አገኘኋት። አውቶቡስ ተሳፈርን። እኔ ኪሴ ውስጥ በእሷ ስም የሞላሁት አዲስ ቅጽ አለ፤ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። ላውጣው አላውጣው ስል ፍርድ ቤት ደረስን። ቬሮና ከፊት ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘወር ብላ ራሷን ነቅንቃ ሰላም አለችን።

እዚህ አገር የፍርድ ቤቱ ፖሊስ ባለጉዳዩን ካዳራሹ ውስጥ ካጣው ወደ በረንዳው ወጥቶ፣ ወደ መንገዱ ዞሮ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ተራው ሲደርስ ዳኛዋ ወረቀቱን አየች፣ ፖሊሱም ወጣ።

«ዳርንሊ ጊተንስ!»

መንገዱ ላይ አንዲት ሴት ዳቦ ፍሬ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ትሸጣለች። ቀና ብላ አየች፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ዳርንሊ ጊተንስ!»

ኢዝሜ የቦርሳዋን እጀታ ጨበጠች። ያ ሰው በሕይወቱ ተጠርቶ ቀርቶ አያውቅም። ቀጠሮ ያከብራል፤ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ ከደወሉ በፊት ነበር የሚደርሰው። አሁን መላው አዳራሽ ወደ በሩ አንገቱን አዙሮ፣ የት ቀረ ይህ ሰው እያለ ይጠብቀዋል። ከኋላችን አንዱ «ፈርቶ ይሆናል» ብሎ ሳቀ።

«ዳርንሊ...»

«ተወው፣ ልጄ» አለች ኢዝሜ፤ ቆማለች። «አትጥራው። አይመጣም። ባለቤቴ ሞቷል። ሦስት ዓመቱ ነው።» ወደ ዳኛዋ ዞረች። «የምሸጠው እኔ ነኝ። የምትጠይቁት ካለ እኔን ጠይቁኝ።»

ሞቷል ስትል የሰማኋት ያን ቀን ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዳኛዋ ጠየቀቻት፣ ኢዝሜም ሁሉንም መለሰች። ቅጹን ማን ሞላው ሲባል እኔ ተነሳሁ። በሕዝብ ፊት የተቀበልኩትን ተግሣጽ እዚህ አልደግመውም፤ የሚገባኝ ነበር። ሦስት ሳምንት መጠጥ እንዳይሸጥ፣ ሩዝና ሳሙናው ግን እንዲቀጥል ተወሰነ። በረንዳው ላይ ቅጹን አወጣሁ። ኢዝሜ የቬሮናን ፋይል እንደ ጠረጴዛ ተደግፋ በገዛ እጇ ፈረመች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የተረፈውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፈቃዱ በሰዓቱ ወጣ። ዕቃ ቤቷ ተጠርጋ መጸዳጃ ሆነች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የመንደሩ ሴቶች ዓሣ ሊበሉና ቀዝቃዛ ነገር ሊጠጡ ይመጣሉ፣ ወንዶቹም ስድባቸውን መርጠው መሳደብ ለመዱ። ሁለቱም በሮች ወደ ውጭ ይከፈታሉ። በጎን በር የሚገባው ነፋስ ጥሩ ስለሆነ በዚያ በኩል ላለችው ወንበር ጠብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ቪር ያሸንፋል። በዚያ በር ተጠርቶ የሄደ ሰው እስካሁን የለም። ሕግ የመጣብን መስሎን ስንፈራው የኖርነው ነገር አብዛኛው እኛኑ ለመጠበቅ የተጻፈ ነበር፤ ቀድሜ አንብቤ ማስረዳት የነበረብኝም እኔ ነበርኩ።

የዳርንሊ ሰማያዊ ታፔላ አልተጣለም። ከዶሚኖው ጠረጴዛ በላይ በእነዚያው ስምንት ምስማሮች ተሰቅሏል፤ ጠርሙስ የከፈተ ሰው የመጀመሪያዋን ጠብታ ለዳርንሊ ከሥሩ ያፈሳል። ከበሩ በላይ ያለውን አዲሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቀለሙ በደረቀ በሳምንቱ ቢራ አከፋፋዩ መጣ፤ ያው ሰውዬ ነው። እንደ ልማዱ ሳጥኑን እያወረደ ሚስተር ጊተንስ አሉ ወይ ብሎ ጠየቀ። ኢዝሜ ከመጥበሻዋ ቀና አላለችም።

«ከበሩ በላይ አንብብ» አለችው።

ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ፀሐዩን በመዳፉ ከልሎ፣ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ኢዝሜ ጊተንስ።»

«አቤት» አለች።