ለሰላዩ ያለቀስን ዕለት

በእኛ ጊዜ እኮ ሰላይ ማለት የማይታወቅ ሰው ነበር። ቆሎ ሻጭ ይመስላል፣ ለማኝ ይመስላል፣ እና አጠገብሽ ተቀምጦ ወሬሽን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የዚያ ያየነው ፊልም ሰላይ ታዲያ ቀይ መኪና እያስጮኸ፣ ከተማው በሙሉ እያየው ነው የሚሰልለው! አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። እኔ ዕድሜዬን አዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጨርሼ፣ የስለላ መጽሐፍ የተባለውን ሁሉ አንብቤ፣ ማንም “ደህና ሁኚ” ሳይለኝ በጡረታ አገሬ የተመለስኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለውን አልታገሥም።

የት አዩት አትሉኝም? እዚሁ ሞላሌ ነዋ! ከእህቴ ከበለጠችና ከጎረቤታችን ከየሺ ጋር ገበያ ወጥተን ነበር። የበለጠች ልጅ ጌታነህ ጦርነቱ ላይ ዘምቶ፣ ጓደኞቹ ተመለሱ፣ እሱ አልተመለሰም። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። ታዲያ ጎረቤቱ “እስከ መቼ? እሁድ በርኖሱን እናውጣና እናልቅስለት፣ እርምሽን አውጪ” እያለ ወጥሮ ያዛት፣ እና እሺ አለች። እሺ ብላ ለለቅሶው ንፍሮ የሚሆን ስንዴ ልንገዛ ነው የወጣነው። ስንዴውን ገዝተን ስንመለስ በረዶ ወረደ፣ ምን የመሰለ በረዶ! ሮጠን የገባንበት ቤት ቪዲዮ ቤት ሆነና አረፈው።

ባለቤቱ ደረጀ ፊልሙን በማይክራፎን እየተረጎመ፣ “እናቶች፣ ግቡ ግቡ፣ ለእናንተ በነጻ ነው” አለን። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። እነሳለሁ፣ በር ላይ ሄጄ በረዶውን አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ።

“አንቺ ሴትዮ፣ ምን ያቁነጠንጥሻል? ጋረድሽን እኮ!” ትለኛለች የሺ።

ያቁነጠነጠችኝማ በለጠች ናት። ስንዴውን ታቅፋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች።

መቼም ሐቅ ሐቅ ነው፣ የሰላዩ ሩጫ ያምር ነበር። ከጣራ ጣራ ሲዘል እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ግን በየበሩ የቆመ ዘበኛ በጥይት ይወድቃል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በለጠች ድንገት “ለዚያ ልጅ እናት መርዶውን ማን ይነግራታል?” አለች።

“እትዬ፣ እሱ እኮ ዝም ብሎ ዘበኛ ነው” አለ ደረጀ።

“ዘበኛ እናት የለውም?”

ደረጀ ማይክራፎኑን ወደ አፉ መልሶ ትርጉሙን ቀጠለ።

ከዚያ የሰላዩ መኪና ከገደል ባሕር ገባ። ሬሳው አልተገኘም፣ ባዶ ሣጥን ቀበሩለት። እና የሺ ምን ብትሠራ ጥሩ ነው? ነጠላዋን አገልድማ ብድግ! “ወየው መልከ መልካሙ! ወየው ባለመኪናው!” ስትል ከበረዶ የተጠለሉት ሴቶች በሙሉ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ለቅሶ አይተው ዝም ማለት አይችሉማ!

“እናቶች፣ ታገሡ! ኧረ ትንሽ ታገሡ!” ይላል ደረጀ፤ ማን ሰምቶት።

ወዲያው ሰውየው ከባሕሩ ወጣ፣ ፀጉሩ እንኳ አልተበላሸም!

“አስለቅሶን ሲያበቃ!” አለች የሺ፣ “እንባችንን መልስ እንጂ፣ አንተ አጭበርባሪ!”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ “ውሸት ነው፣ ከዚያ ገደል ማንም አይተርፍም” ልል አፌን ስከፍት በለጠች ቆማለች።

“የሺ፣ እሁድ ማንም እንዳይመጣ” አለች።

“በለጡ፣ ይሄ እኮ ፊልም ነው።”

“ፊልም መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ዘበኛው ሲወድቅም አይቻለሁ። ግን ሬሳ ሳላይ አላለቅስም።”

ስንዴውን አልቀቀለችውም፣ ዘራችው። በርኖሱንም ግድግዳው ላይ መልሳ ሰቀለችው፣ እና እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ጠዋት ጠዋት እያወጣች ታራግፈው ነበር። ጌታነህ አልመጣም።

እንግዲህ ፊልሙን ከጠየቃችሁኝ፣ ሩጫው ግሩም፣ ስለላው እርባና ቢስ፣ ሙት ማስነሳቱ ደግሞ ጭካኔ ነው። ሰው በባዶ ተስፋ አይቀለድበትም።

“ታዲያ እማማ፣ ዛሬ ጠዋት በርኖሱን ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ያየሁት እርስዎን አይደለም እንዴ?”

ብል እንዳይበላው ነዋ! ሂጂ ወዲያ፣ አንቺ ሳቂታ!