በቀጭን ውሃ የመርጫ ማንገቻ ስለ መቆረጡ

የተጠርጣሪ ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ታንጉት ወልደ ሩፋኤል
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ዳባት ወረዳ፣ ልዩ ቦታው ቀጭን ውሃ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐምሌ 27 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ሀብተ ሚካኤል ውዱ

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ቃል ሰጪ፣ የገብስ አምራቾች ማኅበር ንብረት የሆነውን የፀረ አረም መርጫ ማንገቻ በማጭድ በመቁረጥና የማኅበሩን ሥራ በማስተጓጎል መጠርጠሬ ተነግሮኛል። ቃል ያለመስጠት መብት እንዳለኝም ተነግሮኛል። ዝም አልልም። ማንገቻውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን፣ ቀጭን ውሃ ላይ ሦስት ጥማድ መሬት አለኝ። ዘንድሮ ግማሹን ገብስ፣ ግማሹን ባቄላ ዘርቼበታለሁ። በዙሪያዬ ያሉት ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው አንድ ዓይነት የገብስ ዘር ዘርተዋል። እኔ የራሴ ዘር ስላለኝ አልገባሁም፤ መሬቴ ግን መካከላቸው ነው። በምሥራቅ የሚያዋስነኝ የማኅበሩ አባል አቶ ቢራራ ሲሆን፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ስማቸው ነው።

እሑድ ሐምሌ 17 ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ከጎንደር የመጣ አንድ የግብዓት ባለሙያ የፀረ አረሙን ጥቅም አስረዳ። ቀጥሎም በሌላ አገር ልውጠ ሕያው የሚባል፣ ባሕርዩ በቤተ ሙከራ የተለወጠ ዘር እንዳለ፣ መድኃኒቱ ሲረጭ አረሙ ደርቆ ሰብሉ እንደማይነካ፣ ወደ እኛም ቢመጣ ከአረም ሥራ እንደምንገላገል ተናገረ። አቶ ቢራራ፣ “እኔ ወገቤ አይታጠፍልኝም፤ ልጆቼም ከተማ ናቸው። ቢመጣ ፊተኛው ተቀባይ እኔ ነኝ” አለ። አልፈረድሁበትም። እኔ ግን እጄን አውጥቼ፣ ከአውድማዬ ላይ ለከርሞ ዘር ማስቀረት እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ባለሙያው በየዓመቱ አዲስ መግዛት እንደሚሻል መለሰልኝ። መድኃኒቱ በነፋስ ወደ ባቄላዬ ቢሄድ ምን እንደሚሆን ስጠይቅ አቶ ስማቸው፣ “እትዬ ታንጉት፣ እርስዎ አባል አይደሉም፤ ይህ አያገባዎትም” ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ረቡዕ ሐምሌ 20 ቀን ከጠዋቱ በግምት 3፡00 ሰዓት ላይ ባቄላዬን እያረምሁ ሳለ አቶ ቢራራ መርጫውን በጀርባው አዝሎ አጠገቤ ያለውን ገብሱን ሊረጭ መጣ። በስስ ሸሚዝ ነበር፤ አፉን አልሸፈነም፤ በእጁም ጓንት አልነበረም። አቶ ስማቸው ከዳር ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ነበር። ነፋሱ ወደ እኔ ስለነበር ጋብ እስኪል እንዲጠብቅ ለመንሁት። አቶ ቢራራ ቆሞ አቶ ስማቸውን አየው። አቶ ስማቸውም መርጫው ነገ ወደ ሌላ ጎጥ እንደሚሄድ ተናግሮ እንዲቀጥል አዘዘው።

ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ እንደራሰ አየሁ። “ቢራራ፣ ጀርባህ ርሷል” አልሁት። “ላብ ነው፣ እትዬ” አለኝ። ላብ አልነበረም፤ ሽታው እኔ ድረስ መጥቷል። የመርጫው ክዳን ያፈስ ነበር። ጥቂት እንደ ሄደ ተንበርክኮ አስመለሰው። ማንገቻው በገመድ የተቋጠረ ስለነበር ሊያወልቀው ቢታገል አልፈታልህ አለው። አቶ ስማቸው እየሮጠ መጥቶ፣ “ቀስ፣ መርጫው እንዳይሰበር” አለ። ያን ጊዜ ለላሜ ሣር ባጨድሁበት ማጭድ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎም የቀኙን ማንገቻ ቆረጥሁ። መርጫው ወደቀ፤ በውስጡ የቀረውም ድንበሩ ላይ ፈሰሰ። ሸሚዙን ቀድጄ አውልቄ በጄሪካኔ ውሃ ጀርባውን አጠብሁት። ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ አድርሰውት በባጃጅ ዳባት ጤና ጣቢያ ገባ።

መርጫውን እኔ ራሴ ተሸክሜ በዚያው ዕለት በ9፡00 ሰዓት ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ አመጣሁት። አቤቱታዬን አጽፌ እንድመለስ ተነገረኝ። አጽፌ ስመለስ አቶ ስማቸው ቀድሞኝ ከስሶኛል፤ ከክሱ ሥርም የአቶ ቢራራ ፊርማ አለ። አመልካች ሆኜ መጥቼ ተጠርጣሪ የሆንሁት በዚህ መንገድ ነው።

አቶ ቢራራ በሦስተኛው ቀን ከጤና ጣቢያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣ። ጀርባው ቆስሎ ስለነበር ሳይደገፍ ተቀመጠ። “ጤና ጣቢያ እንደተኛሁ አስፈርመውኝ ነው፤ አትቀየሚኝ። ከማኅበሩ ከወጣሁ ዘርም ማዳበሪያም የለኝ” አለኝ። አልተቀየምሁትም። ቃሉን ለማቃናት ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ባይመጣ ግን የእኔ ቃል አይለወጥም።

ከመርማሪው ለቀረበልኝ ጥያቄ በሰጠሁት መልስ፣ ባቄላዬ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ቅጠሉ ተጨማዶ አገዳው ተጣሟል፤ ለማስረጃ ሰባት አገዳ ነቅዬ አቅርቤያለሁ። ፀረ አረም አይኑር አላልሁም። አዲስ ዘርም አይምጣ አላልሁም፤ የሚፈልግ ይዝራው። በእኔ ማሳ ላይ ግን ሳልፈቅድ አይረጭም፤ ዘሬንም ማንም አይመርጥልኝም። የሚያፈስ መርጫ ሰው ላይ ጭኖ ከጥላ ሥር የሚያዝም ሰው ሥራዬ ተስተጓጎለ ሊል አይገባውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባት የማኅበሩ አባላት ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ሳይሰጠን መርጫውን አንሸከምም ብለዋል። ያነሳሳኋቸው እኔ እንደሆንሁ ተጠይቄ፣ የቢራራን ጀርባ እንዳዩ መልሻለሁ።

አቶ ስማቸው ማንገቻውን ተክቼ ይቅርታ ከጠየቅሁ ክሱን እንደሚያነሣ ሽማግሌ ልኮብኛል። ማንገቻውን ከጠፍር ሠርቼ እተካለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። “በድንጋጤ ቆረጥሁ” ተብሎ የተጻፈው እኔ ያላልሁት ስለሆነ “በድንጋጤ” የሚለው እንዲሰረዝ ጠይቄ በፊቴ ተሰርዟል። አልደነገጥሁም፤ አስቤ ነው የቆረጥሁት። ሌላው ሁሉ ከአፌ የወጣ እውነት ስለሆነ በጣት አሻራዬ አጽንቼዋለሁ።

የቃል ሰጪ አሻራ፦ ወ/ሮ ታንጉት ወልደ ሩፋኤል
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ሀብተ ሚካኤል ውዱ
(አንድ ቃል በቃል ሰጪዋ ጥያቄ ተሰርዟል፦ ሀ.ሚ.ው.)