ሃያው የማሽኑ ነው

ልብስ ሰፊው አያት፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ የሆነችውን የጎረቤታቸውን ልጅ እጅ መታጠቢያው ጋ ባያገኟት ኖሮ፣ ያን ቀን ከሐኪሙ ጋር መተናነቃቸው አይቀርም ነበር። በሰባት ወሯ የተወለደችው የልጅ ልጃቸው ትንፋሽ በሚሰጣት ማሽን ላይ፣ ሰሞኑን አርባ የነበረው ቁጥር ሃያ ሆኖ አይተው ደንግጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን በሜትር የኖሩ ሰው ናቸውና ቁጥር ሲጎድል ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

ነርሷን ሰላምታዋን እንኳ አላስጨረሷትም። አየሩን እየሸራረፉ ሊገድሏት ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ እሳቸው ጨርቅ ሲቆርጡ እንኳ ባለቤቱን ያማክራሉ። ይባስ ብሎ በአፏ የገባው የማሽኑ ቱቦ ነገ ይውጣ ሲባል ሰምተው፣ የሕፃኗ እናት የሆነችውን ልጃቸውን እሺ እንዳትል አስምለዋታል።

ነርሷ ታገሠቻቸው። ማሽኑ በቆየ ቁጥር ግፊቱ ለጋውን ሳንባ እንደሚጎዳ፣ በቱቦውም ጀርም እንደሚገባ አስረዳቻቸው። መምከር እንጂ መመከር ያልለመደባቸው ሰውዬ አልተበገሩም።

"አንድ ኪሎ ለማትሞላ ልጅ በደቂቃ ሃያ ትንፋሽ ይበቃታል ነው የምትዪኝ?"

"አይበቃትም፣ አባባ።"

ይህን አልጠበቁም። "ታዲያ?"

"ታጥበው ይግቡና ደረቷን እያዩ ራስዎ ይቁጠሩ።"

ገቡ። ዓይናቸውን ከግድግዳው ሰዓት ወደ ልጅቱ እያመላለሱ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጠውን ደረት ቆጠሩ። ሃያ ላይ ይቆማል ብለው ሲጠብቁ ደቂቃው ገና አልተጋመሰም። አርባ ስምንት። ተሳስቼ ነው ብለው ደገሙ፤ አርባ ሰባት።

"ሃያው የማሽኑ ነው" አለች ነርሷ። "የቀረው የማነው?"

ልብስ ሰፊው ከማሽኑ ወደ ልጅቱ ዞሩ። ለካ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ማሽኑን እንጂ ልጅቱን አላዩም።

"ብትደክምስ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

መተንፈስ እንዳትዘነጋ መድኃኒት ተጀምሮላታል፤ ቱቦው ሲወጣ በአፍንጫዋ አየር ይገፋላታል። ከደከመች ግን ቱቦው ይመለሳል፤ ብዙ ሕፃናት በሁለተኛው ሙከራ ይሳካላቸዋል፤ ነውርም የለው። ነርሷ ሳትደብቅ ይህን ሁሉ ነገረቻቸው። አያት ወጥተው ልጃቸውን "መሐላው በኔ ይሁን፣ እሺ በያቸው" አሏት።

በማግስቱ ቱቦው ወጣ። ከዚያ ወዲያ እናቲቱ ያለ ብዙ ገመድ ደረቷ ላይ ልታቅፋት፣ ሳንባዋም ሳይቆስል ሊጠነክር፣ ወደ ቤት መግቢያዋ ቀንም ሊቀርብ ነው። አያት ይህን ለሰው ሁሉ ሲያስረዱ፣ ከመስታወቱ ወዲያ የሻከረ፣ ቀጭን ልቅሶ ሰሙ።

"የማን ልጅ ናት?" አሉ።

"የእርስዎ ናት" አለች ነርሷ። "እስከዛሬም ስታለቅስ ነበር፤ ቱቦው ጉሮሮዋን ይዞ ድምፅ አላስወጣ ብሏት ነው።"

ልብስ ሰፊው ዳግም እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።