እትዬ መኪያ መረብ ያለበሱት ጉድጓድ

ወዳጆቼ፣ እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። እትዬ መኪያን ከማመስገናችን በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ፤ የዛሬ ሳምንት የደነገጥኩት ድንጋጤ ገና አልለቀቀኝም።

እትዬ መኪያ ለቅርስ ጥበቃ ቢሯችን ተመድበው ጂንካ የገቡ ቀን፣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ያ ቅጠል የሚመስለው የወታደር መሸፈኛ መረብ ተጠቅልሎ ነበር። ዘበኛችን ዳርጌ ደንግጦ «እትዬ፣ ጦርነት አለ እንዴ?» ሲላቸው፣ «የለም፤ ጉድጓድ ላለብስ ነው የመጣሁት» አሉት። እውነቴን ነው፣ ጤነኛ ሰው የተላከልን አልመሰለንም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ኦሞራቴ አካባቢ ተመራማሪዎች የጥንት ሰው አጥንት ያገኙበት የቁፋሮ ቦታ እንዳይዘረፍ መረባቸውን ዘረጉበት። ንፋስ በቀደደው ቁጥር መርፌና ሲባጎ ይዘው ይሄዳሉ፤ በኢድ ቀን ሳይቀር! ሐዋሳ እድገት ሲሰጣቸው እምቢ አሉ። «መረቡን ነው ያገቡት» እያልን ሳቅንባቸው። እኔም እንግዳ በመጣ ቁጥር መረቡን ገለጥ አድርጌ «የጥንት ሰው አጥንት እዚህ ሥር ነው፣ አትርገጡ!» እያልኩ በኩራት አስጎበኛለሁ።

የዛሬ ሳምንት ስደርስ መረቡ ተቀዷል፣ ጉድጓዱ ተገለባብጧል። ሌቦች! ደውዬ «እትዬ መኪያ፣ አለቀልን! ዘረፉን!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ወሰዱ?» አሉኝ፣ ምሳቸውን እያኘኩ።

«ሁሉንም!»

«እዚያ ምንም አልነበረም፣ እዩኤል። ባዶ ሜዳ ላይ መረብ ያየ ሌባ ሌላ የት ይሄዳል?»

ሰዎች፣ ምንም! ለካ ተመራማሪዎቹ የሄዱ ሰሞን፣ እትዬ መኪያ ራሳቸው ባስቆፈሩት ባዶ ጉድጓድ ላይ ነው መረቡን የዘረጉት። በማግስቱ እውነተኛውን ጉድጓድ አሳዩኝ፤ ከአንድ የፍየል በረት ጥግ፣ በአፈርና በእሾህ ክምር ሥር። የትኛው በረት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ደቡብ ኦሞ በረት ሞልቶታል። ፍየሎቹ እንኳን ያወቁትን እኔ አላውቅም!

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው፣ በንዴት።

«ብነግርህ አንተም እንደኔ እንቅልፍ ታጣለህ። አንድ ሰው ይበቃል ብዬ ነው።»

እትዬ መኪያ፣ አፈርኩ። ሐዋሳ ያልሄዱት፣ ኢድን ከልጆችዎ ጋር ያልዋሉት ለዚህ ነበር፤ እኛ ደግሞ ስንስቅብዎት ኖርን። ይህን ሁሉ ለብቻዎ መሸከምዎን ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል። እናመሰግናለን፤ ሌላ ቃል ጠፋኝ።

በሉ ተነሡ፣ ለስላሳችሁን ከፍ አድርጉ። ለእትዬ መኪያ! ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ኢድ በመጣ ቁጥር ቤትዎ በልጅ ልጅ ይሙላ።

እኔ ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እርስዎ ግን ዛሬ ይተኙ።