መሃል ያለችው ካርቦን

ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠች ተማሪ የኬሚስትሪ መጽሐፏን ታነባለች። አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት የማታውቃቸው እናት ጠየቋት።

«ኢንታላ፣ ልጄ፣ ምንድን ነው የምታጠኚው?»

«ሁለት አተሞች ኤሌክትሮን ሲጋሩ የትኛው ወደ ራሱ እንደሚስብ ነው፣ አዮ» አለቻቸው፣ እማማ ማለቷ ነው።

«እኩል አይካፈሉም?»

«ሁሌ አይደለም። ኦክስጅን ከካርቦን ይበልጥ ይስባል። እሱ ትንሽ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ካርቦን ደግሞ ትንሽ ፖዘቲቭ።»

«ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ እንደሚወስድ ባል በይኛ!»

«እንደዚያ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ግን ካርቦን መሃል ሆኖ ኦክስጅኖቹ ግራና ቀኝ ናቸው። እኩል ስለሚስቡት ሞለኪውሉ ወደ የትም አያደላም። ፖላር አይደለም ይባላል።»

«መሳቡን ተዉት?»

«አልተዉትም። እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ከውጭ አይታወቅም።»

«ወላሂ እኔ ነኝ! አንዱ ልጄ ሮቤ ነው፣ አንዱ ጎባ። ሁለቱም «እኛ ጋ ኑሪ» ይሉኛል። ይኸው መንገድ ላይ ነኝ። ሰው ግን «ታድለሽ» ይለኛል።»

«ምን ብለው ይመልሳሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። ለመሆኑ ካርቦኗን የጠየቃት አለ?»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም፣ አዮ።»

እናቴን ከወንድሜ ቤት ወደ እኔ ቤት ላመጣ ጎባ እየሄድኩ ነበርና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።