ጋሽ ባይሳ ደጅ ያለው ፌርማታ

እ.ኤ.አ. በ2018 መጋቢት፣ ብሩክሊን ሴንተር በምትባል የአሜሪካ ከተማ አውቶቡስ ልሳፈር ስወጣ ጎረቤቴን ጋሽ ባይሳን ከአንዲት ወጣት ጋር ሲነጋገሩ አገኘኋቸው። ወጣቷ ሲፋን ትባላለች፤ የከተማ ፕላን ተምራ ፌርማታ በሚያሻሽል መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ጋሽ ባይሳ ኤርፖርት የሚሠሩ፣ ባለቤታቸውን ገላኔን በጥር የቀበሩ ሰው ናቸው። ደጃቸው ያለው ፌርማታ ምልክት የተሰቀለበት ብረት ብቻ ነው። ሲፋን መጠለያና መቀመጫ ይሠራበት ዘንድ ፈቃዳቸውን ልትጠይቅ መጥታለች።

ጋሽ ባይሳ በትሕትና እምቢ አሉ። መቀመጫ ካለ ሥራ ፈት ይሰበሰባል፣ ቆሻሻ ይጣላል ባይ ናቸው። ሲፋን መብራት እንደሚገባለትና በየጊዜው እንደሚጸዳ ብታስረዳም አልተቀበሏትም።

"ልጄ፣ አውቶቡስ ቢዘገይ ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን ያህል መቆም የሚያቅተው ማን ነው?"

"እትዬ አስካለማርያም፣ ጋሼ።"

ፊታቸው ጠቆረ። አስካለማርያም የገላኔ የልብ ጓደኛ ነበሩ፤ ገላኔ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ሁሉ ግን አንድ ቀን ብቅ አላሉም።

"እሷን አታንሺብኝ" አሉ።

ሲፋን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የፌርማታውን ተጠቃሚዎች ስትጠይቅ የሰማችውን ነገረቻቸው። እትዬ አስካለማርያም ሆስፒታል ለመሄድ ደጋግመው እዚሁ መጥተዋል። የበረዶ ክምር ተደግፈው ይጠብቁና ጉልበታቸው ሲከዳቸው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ወድቀው መንገደኛ አንሥቷቸዋል። ራሳቸው መናገር ስላፈሩ እሷ እንድትነግርላቸው ፈቅደውላታል።

"ለምን አልነገረችኝም? በመኪናዬ ራይድ እነፍጋት ነበር?"

"እርስዎ ከሥራ ወደ ሆስፒታል ሲሮጡ እያዩ እንዴት ያስቸግሩዎት?"

ጋሽ ባይሳ የፌርማታውን ብረት ደገፍ አሉ።

"ገላኔ በሩ በተከፈተ ቁጥር አስካለ መጣች ብላ ቀና ትል ነበር። እኔ ነኝ ረስታሻለች፣ ተያት ያልኳት። ያንን አምና ሞተች።"

እኔም ይህን ስሰማ፣ አንድ መቀመጫ በመጉደሉ ስንት ወዳጅ ሳይገናኝ ቀርቶ ይሆን ብዬ አዘንኩ።

ጋሽ ባይሳ ተስማሙ። መቀመጫው ለመነሣት የሚያግዝ መደገፊያ እንዲኖረው፣ በረዶውም ከፊቱ እንዲጠረግ ለመኗት። ከዚያ ቀጥታ እትዬ አስካለማርያም ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ አብረውም አለቀሱ።

መጠለያው በመስከረም ተሠራ። ዛሬ ሽማግሌዎች ወደ ሐኪም ሲሄዱ ያርፉበታል፣ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ከነፋስ ይጠለሉበታል፤ አንድ መንገድ ላይ ኖረን የማንተዋወቅ ጎረቤቶችም ሰላምታ ጀምረናል። የተፈራው ሥራ ፈት አልመጣም። በሚቀጥለው መንገድ ያሉ ሰዎች ተመሳሳይ መቀመጫ ሲቃወሙ ጋሽ ባይሳ ራሳቸው ሄደው አስረዷቸው።

"ታማሚ ሳይጠይቅ የቀረ ሁሉ ጨክኖ አይደለም፤ መንገድ ላይ የሚያርፍበት አጥቶ የሚቀርም አለ" አሏቸው። "እኔ ይህን ያወቅሁት ለገላኔ ልነግራት የማልችልበት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ነው።"