ኮታችንን አከፋፍለን ፍሎሪዳ የሄድን ጊዜ

በእኛ ጊዜ… ምን ያስቅሻል ማሂ? በእኛ ጊዜ ስል የጃንሆይን ዘመን መሰለሽ እንዴ? ያንን ማስክ አድርገን በዓይን ብቻ ሰላም የምንባባልበትን ጊዜ ማለቴ ነው። እሱም ጊዜ ነው፣ አልፏል። እና ስልኩን ጠጋ አድርጊው፣ ድምፄ ይግባ። ለክላስ ነው አይደል ያልሽኝ? በይ ፕሮፌሰርሽም ይስማ፣ የተማረ ሰው ከእኛ ሞኝነት ይማር።

ታዲያ ያኔ ባለቤቴ ጋሽ መኮንን፣ እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ፣ ግሮቭፖርት ዌርሀውስ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ሳጥን ሲያነሳ ኖሮ ሪታየር አደረገ። እኔን ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል፣ ብርድ በመጣ ቁጥር ደረጃ መውጣት አቃተኝ። አንድ ቀን ሐኪሙ እንደው ለወጉ ያህል "ሞቃት አገር ብትኖሪ ይሻልሽ ነበር" አለኝ። ሰውዬው ወሬ ማሳመሩ ነበር እኮ! መኮንን ግን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ይዞት ወጣ። ከዚያማ ቁጭ ብሎ በስልኩ ቪዲዮ ነው፣ ጠዋት ፍሎሪዳ፣ ማታ ፍሎሪዳ። "የሺ፣ ስቴት ታክስ የለም እኮ!" ይለኛል። "እሺ።" "የሺ፣ በረዶ የለም እኮ!" "እሺ።" "የሺ፣ ስቴት ታክስ…" "ኧረ ሰማሁ! አንተ ሰውዬ፣ ታክስ የሚቆረጥበት ገቢ መቼ አለህና ነው?" እለዋለሁ። እሱ እቴ! አይሰማኝም።

ቤቱንም በፎቶ ያዘው። ሰው ጫማ እንኳን ለክቶ ነው የሚገዛው፣ የእኔ ባል ቤት በፎቶ! "ከባህሩ አስር ደቂቃ ነው ይላል" አለኝ። በምን አስር ደቂቃ? በእግር ነው? በመኪና ነው? በሄሊኮፕተር ነው? እኔም አልጠየቅኩ፣ እሱም አልጠየቀ።

እና ሽኝት ተደረገልን። የእኛ ሰው ደግሞ ሽኝት ካልሽው ነፍሱ ነው፣ ታውቂያለሽ። ፓርክ ውስጥ፣ ሁሉም ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ። የእድሩ ሊቀመንበር ተነሳና ጉሮሮውን ጠርጎ "ወንድማችን መኮንንና እህታችን የሺ፣ በረዶውን ለዓመታት ከእኛ ጋር ሲታገሉ ቆይተው ዛሬ ድል አድርገው…" አለ። ድል አድርገው! ሁለት የባህር ዳርቻ ታጣፊ ወንበር ተሰጠን፣ ከነጃንጥላው። ታዲያ መኮንን ሆዬ ሞቅ አለውና ወደ መኪናው ሮጠ፣ የበረዶ አካፋውን ይዞ መጣ፣ "ከእንግዲህ ለእኔ አያገለግለኝምና ለሊቀመንበራችን አበርክቻለሁ!" ብሎ በሁለት እጁ ሰጠ። ጭብጨባው ሌላ ነው! እኔስ ብትዪ? እኔም አላረፍኩም፣ ያለንን የብርድ ልብስ በሙሉ አከፋፈልኩ። ያንን ረጅሙን ጥቁር ኮቴን ለእናትሽ ለአስካለ ሰጠኋት፣ ተቃቅፈን አለቀስን፣ ማስኬ በእንባ ረጠበ።

ሄድን። በጁላይ! ሰው በጁላይ ፍሎሪዳ ይገባል? ከመኪና ስወርድ አየሩ ድስት ስትከፍቺ ፊትሽን እንደሚመታሽ እንፋሎት ነው። ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው። እኔ እኮ ለጉልበቴ ነው የሄድኩት ማሂ! ባህሩም አስር ደቂቃ ያሉት አርባ ደቂቃ ሆነ፣ እሱም መንገዱ ካልተዘጋጋ፤ ፓርኪንጉ ደግሞ ክፍያ ነው። አንድ ቀን ሄድን፣ ወንበሩን ዘረጋን፣ አሸዋው የመኮንንን እግር ጠበሰው፣ መነጽር አድርገን አንድ ፎቶ ተነሳንና ተመለስን። ያቺን አንድ ፎቶ ስንት ወር እንደበላናት! ለአዲስ ዓመት እሷን ላክን፣ ለገናም እሷን ልንልክ ነበር።

ኤሲውን ለቀቅነው፣ የመብራቱ ቢል መጣ፣ ኤሲውን አጠፋነው። እና የት እንግባ? መኪና ውስጥ። አንድ ጋሎን ወተት ልንገዛ እንሄድና ሱፐርማርኬት ውስጥ ሁለት ሰዓት እንዞራለን፣ ከዚያ ወጥተን መኪናውን አስነስተን ቁጭ። ጎረቤት ያልሽ እንደሆነ አንድ ሽማግሌ ከነውሻው አለ፣ "ሃይ" ይለኛል፣ "ሃይ" እለዋለሁ፣ በቃ የቀኑ ጨዋታ አለቀ።

ከእናትሽ ጋር ታዲያ በቪዲዮ እንደዋወላለን። ፀጉሬን አበጥሬ፣ መኪና ውስጥ ኤሲው ፊት ለፊት ተቀምጬ። "እንዴት ነው አገሩ?" ትለኛለች። "ኧረ አስኩዬ፣ ገነት ነው! ገነት!" እላታለሁ። "ጉልበትሽስ?" "ረሳሁት!" አፌ እንዴት እንደሚሮጥ ብታዪኝ! እውነቱን እንዳልናገር ያ ሁሉ ሰው አጨብጭቦ ሸኝቶኛል፣ ምን ልበል?

እና ኪራዩ አልበቃ ሲል መኮንን ሥራ ገባ። ሪታየር ያደረገ ሰው ባህር ዳርቻ ሄዶ ምን ያደርጋል? ያርፋል ትያለሽ። የእኔ ባል የሱፐርማርኬት ጋሪ ይገፋል፣ በዚያ ፀሐይ፣ በስድሳ ሰባት ዓመቱ። አንድ ቀን ልወስደው ስሄድ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ተነስ ብለው መነሳት አቃተው። እዚያ ጋ ማሂ፣ ቀልዱ አለቀብኝ። ፈራሁ። ይሄ ሰው በእኔ ጉልበት ሰበብ ሊሞትብኝ ነው አልኩ።

ውኃ አጠጥቼ፣ መኪና ውስጥ አስገብቼ "እንመለስ" አልኩት።

"የት?"

"ኮሎምበስ ነዋ!"

"ምን ፊት ይዘን?" አለኝ። "አንቺ፣ አካፋዬን እኮ ሰጥቻለሁ! በጭብጨባ!"

ሰማሽ? ሊሞት ነው፣ እሱ የሚያስበው አካፋውን ነው። እኔም አልስቅበት፣ እሱን የያዘው እኔንም ይዞኛል። በማግስቱም ጋሪውን ሊገፋ ሄደ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዲሴምበር ሲገባ እናትሽ ደወለች። "የሺዬ፣ ደስ ይበልሽ! ደምሴን አሳመንኩት፣ እኛም ልንመጣ ነው። ሰኞ አፓርትመንቱን እንለቃለን ብለን ኖቲስ እንሰጣለን።" አባትሽ ደምሴ ስንት ዓመት የቆየበት የሹፌርነት ሥራ አለው፣ ሊንደን ሰፈር ያ ርካሽ ቤታችሁ አለ፣ አንቺ ኮሌጅ ልትገቢ ነው፣ ይሄ ሁሉ በእኔ "ገነት ነው" ሊፈርስ! ያን ቀን ዓርብ ነበር። ለመኮንን ነገርኩት።

"ይምጡ" አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

"ምን አልክ?"

"ይምጡና ይዩት። ቢያንስ ሰው እናገኛለን።"

"አንተ! ለካ እስከዛሬ ከማን ጋር እንደኖርኩ አላውቅም ነበር!" አልኩት። እሱም አፈረ መሰለኝ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ማሂ፣ ልንገርሽ፣ ለአንዲት ደቂቃ እኔም ይምጡ ብዬ ነበር። ብቻዬን ሆኜ ስለሰለቸኝ። እሱን ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል።

እሑድ ከሰዓት ደወልኩ። ያን ቀን መኪና ውስጥ አልገባሁም፣ እዚያው ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ፣ ፀጉሬም እንደቆመ። "አስካለ፣ ኖቲሱን እንዳትሰጪ።"

"ለምን?"

"ገነት አይደለም።"

"ሄሎ? አስኩዬ? ሄሎ?" አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ደረጃውን፣ መብራቱን፣ ጋሪውን፣ መኮንን አስፋልት ዳር መነሳት እንዳቃተው፣ እያለቀስኩ። ስጨርስ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ጨረስሽ? ኮትሽ ክሎዜቴ ውስጥ ተሰቅሏል፣ አንድ ቀን አልለበስኩትም። መቼ ነው የምትመጡት?" አለችኝ። በቃ። እንዲህ ያለች ሴት ናት እናትሽ። ምንም አልደነቃትም እኮ!

በጃንዋሪ፣ በዚያ በረዶ፣ በሸሚዝ ተመለስን። እናትሽ ኮቴን በክንዷ ይዛ ደጅ ቆማለች። ሊቀመንበሩም አካፋውን ይዞ መጣ፣ ደግሞ ንግግር! "ወንድማችን መኮንን በረዶው ናፍቆት…" ብሎ በሁለት እጁ አስረከበው። ተጨበጨበ። ንግግሩን ትቶ ያንን በረዶ ጠርጎ ቢቆየን ምን ነበረበት? ሊንደን የነበረው የኪራይ ቤታችን በሌላ ሰው ተይዞ፣ ይሄው ብሌንደን ታውንሺፕ የሚባል ሰፈር ውድ ቤት ውስጥ ገባን። መኮንን ደግሞ ሰሞኑን የአሪዞና ቪዲዮ ጀምሯል። ተው በይው ብቻ፣ ያለእኔ ነው የሚሄደው!

ጉልበቴም ያው ነው። ግን ከዚያ ሁሉ ሞኝነት አንድ የምኮራበት ነገር አለኝ። እናትሽን አድኛታለሁ። ያን እሑድ ባልደውል ኖሮ የት ትወድቁ ነበር?

*— እትዬ የሺ… አንድ ነገር ልንገርሽ? እንዳትቆጪ፣ ዩ ካንት ቢ ማድ።*

ምንድነው?

*— እኛ እኮ አንሄድም ነበር። ኖቲስ ምናምን የሚባል ነገር አልነበረም። ዳዲ እስከዛሬ አያውቅም።*

ምን? ምን ትላለች ይቺ ልጅ?

*— ማሚ ነቅታብሽ ነበር። ሁልጊዜ ስትደውዪ ከኋላሽ የመኪናው ሲትቤልት ይታያል። ቤትሽን አንድ ቀን አሳይተሻት አታውቂም። "ብጠይቃት አትነግረኝም፣ ልመጣ ነው ካልኳት ግን ታወጣዋለች፣ እኔን አትጎዳኝም" አለች። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ ስልኩን ከእጇ አልለየችውም። እውነቴን ነው፣ አይ ስዌር።*

አስካለ! … አይ አስካለ! … አንቺ፣ እኔ አዳንኳት እያልኩ ስንት ሰው ፊት ተኩራርቻለሁ! ወይኔ! … አታጥፊው፣ አታጥፊው፣ ፕሮፌሰርሽም ይስማ። በይ እናትሽን ኮል አድርጊልኝ። የሺ ከየት ነው የምትደውለው ካለችሽ፣ ከመኪና ውስጥ በያት።